ካፒታል ክሬሰንትን ካርታ ላይ በሥርዓቱ ማስገባት፦ ለአንድ የሲልቨር ስፕሪንግ ብስክሌተኛ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነው? የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ብስክሌት እንነዳለን። ካፒታል ክሬሰንት፣ ሲ ኤንድ ኦ ካናል፣ አንዳንዴም ወንዙን ተሻግረን ደብሊው ኤንድ ኦዲ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አካውንት ከፍቼ የምንነዳበትን ዙር በመንገዱ ላይ ሳልኩና ስም ሰጠሁት። በማግስቱ አንድ ሰው አጠፋው። ሪጅናል የብስክሌት መስመር በሥርዓቱ የሚገባው እንዴት ነው? አር-ሲ-ኤን፣ ኤል-ሲ-ኤን የሚሏቸውስ ምንድን ናቸው? ይህን ከለመድኩ ደግሞ ባሕር ዳርን መሥራት እፈልጋለሁ።»

ሰላም ወንድሜ፣

ከጠፋው መስመር ልጀምር። ያጠፋው ሰው ሊያናድድህ ብሎ አይመስለኝም። ኦፕንስትሪትማፕ ማንም ሰው ገብቶ የሚያስተካክለው የጋራ ካርታ ነው፤ እዚያ ላይ አንድ መንገድ የሚሳለው አንዴ ብቻ ነው። የካናሉ ዳር መንገድ ድሮውኑ ተስሏል። አንተ በላዩ ሌላ ስትደርብበት ኮምፒውተሩ እዚያ ቦታ ላይ ሁለት መንገድ እንዳለ ነው የሚያየው። ያንተኛው ደግሞ ከሌሎቹ መንገዶች ጋር አልተያያዘም። ስልኩ ላይ አቅጣጫ የሚጠይቅ ሰው ጉዞው ከአንተ መስመር ላይ ከተጀመረለት መውጫ ያጣል፤ ፕሮግራሙ «መንገድ አልተገኘም» ይለዋል። ስለዚህ መጥፋቱ ልክ ነበር። የብስክሌት መስመር ግን ሌላ ቦታ አለው።

ያ ቦታ ሪሌሽን ይባላል። በዚህ ካርታ ውስጥ መሠረቱ ሦስት ነገር ነው። ኖድ ነጥብ ነው። ዌይ ነጥቦችን የሚያያይዝ መስመር ነው፤ መንገዱ ራሱ ማለት ነው። ሪሌሽን ደግሞ ብዙ ዌዮችን በአንድ ስም የሚሰበስብ መዝገብ ነው። የአውቶቡስን ነገር አስብ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ብዙ ቁጥር ያላቸው አውቶቡሶች ያልፋሉ። አስፋልቱ ግን አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሌላ አስፋልት አይነጠፍም። ካርታውም ላይ አስፋልቱ ዌይ ነው፣ የአውቶቡሱ ቁጥር ሪሌሽን ነው። የብስክሌት መስመርም እንደዚያው ነው።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ሕግ አለ፤ ሁሉንም የሚይዘው እሱ ነው። ስለ መንገዱ የሆነው ነገር ዌዩ ላይ ይጻፋል፤ ስለ መስመሩ የሆነው ሪሌሽኑ ላይ። አስፋልት ይሁን ጠጠር፣ ስፋቱ፣ መብራት ይኑረው አይኑረው፣ ብስክሌት ይፈቀድ አይፈቀድ፣ ይህ ሁሉ የመንገዱ ነው። የመስመሩ ስም፣ ቁጥሩ፣ የሚያስተዳድረው አካል፣ ድረ ገጹ የሪሌሽኑ ነው። ራሱን የቻለ መንገድ ሲሆን፣ ለምሳሌ ካፒታል ክሬሰንት፣ ዌዩም ያንኑ ስም ቢይዝ ችግር የለውም፤ ሰዉ መንገዱን የሚጠራው እንደዚያ ነውና። መስመሩ የመኪና መንገድ ላይ ሲወጣ ግን የጎዳናውን ስም አትንካ። ጎዳናው ስሙን ይዞ ይቀጥላል፤ የብስክሌቱ ስም ሪሌሽኑ ውስጥ ብቻ ይኖራል። አዲስ ሰዎች በብዛት የሚያበላሹት እዚህ ጋ ነው።

ወደ ታጎቹ ልለፍ፤ ታግ ማለት በዌይ ወይም በሪሌሽን ላይ የሚለጠፍ አጭር መግለጫ ነው። እኔ በፊደላችን እየጻፍኳቸው ነው፤ ካርታው በሚስተካከልበት ፕሮግራም፣ በኤዲተሩ፣ ላይ ሲገቡ ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ናቸው። የብስክሌት መስመር ሪሌሽን ሦስት ነገር የግድ ያስፈልገዋል፦ «ታይፕ=ሩት»፣ «ሩት=ባይስክል» እና «ኔትዎርክ»። ከዚያ «ኔም»፤ ቁጥር ወይም አጭር መለያ ካለው «ሬፍ»፤ የሚያስተዳድረውን ለመጻፍ «ኦፐሬተር»። በድር አሳሽ በሚሠራው አይዲ ኤዲተር ከሆነ አንዱን የመንገዱን ቁራጭ ትመርጥና ከታች ሪሌሽን ከሚለው ቦታ አዲስ ትፈጥራለህ። ከመፍጠርህ በፊት ግን ፈልግ! ዋሽንግተን አካባቢ ያሉት ታዋቂ መስመሮች አብዛኞቹ ተመዝግበዋል። የምትመርጠው ቁራጭ የየትኞቹ ሪሌሽኖች አባል እንደሆነ እዚያው ይታይሃል። ሁለተኛ ካፒታል ክሬሰንት መፍጠር ያው የመጀመሪያውን ስህተት በሌላ መልክ መድገም ነው።

አሁን ስለ ኔትዎርክ። ደረጃዎቹ አራት ናቸው። አይ-ሲ-ኤን ዓለም አቀፍ ነው፤ የአውሮፓዎቹ ዩሮቬሎ መስመሮች እዚህ ይገባሉ። ኤን-ሲ-ኤን አገር አቀፍ ነው። አር-ሲ-ኤን ሪጅናል፣ ኤል-ሲ-ኤን የከተማ ወይም የሰፈር ነው። ደረጃው ስለ መንገዱ ጥራት ወይም ስለሚነዳበት ሰው ብዛት አይናገርም። መስመሩ ማንን ከማን ያገናኛል፣ የተዘረጋውስ በየትኛው እርከን ነው የሚለውን ነው የሚናገረው።

አሜሪካ ውስጥ ኤን-ሲ-ኤን ላይ ብዙ ክርክር የለም። አሽቶ በሚባለው የስቴቶች የመንገድና የትራንስፖርት ኃላፊዎች ማኅበር የሚጸድቁት ቁጥር ያላቸው የዩ-ኤስ የብስክሌት መስመሮች ናቸው። ቁጥር 1 እና ቁጥር 76 በ1982 ነው የጸደቁት። አንተ ጋ የሚመጣው ቁጥር 50 ነው። እነዚህ «ሬፍ» ላይ ቁጥሩ ብቻ ይጻፍባቸዋል። «ሳይክል-ኔትዎርክ» በሚለው ሌላ ታግ ላይ ደግሞ «ዩ-ኤስ፡ዩ-ኤስ» ይባላል፤ የአገሪቱ ሥርዓት ቁጥር መሆኑን ለመለየት ነው።

ክርክሩ ያለው ከሱ በታች ነው። ስቴቱ ራሱ ቁጥር የሰጠው መስመር አር-ሲ-ኤን ነው፣ አለቀ። ቁጥር የሌላቸው ረጃጅም መንገዶችስ? ደብሊው ኤንድ ኦዲን እንይ። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበረ። ከአርሊንግተን ሸርሊንግተን ተነስቶ በፎልስ ቸርችና በፌርፋክስ አልፎ ላውደን ካውንቲ ፐርሰልቪል ድረስ 45 ማይል ይሄዳል። የሚያስተዳድረው የሰሜን ቨርጂኒያ የሪጅናል ፓርኮች ባለሥልጣን ነው። ብዙ ካውንቲ የሚያቋርጥ፣ አንዱም ካውንቲ ብቻውን ያልያዘው መንገድ ነው። በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለው አር-ሲ-ኤን ነው። ሰፈርህ አካባቢ ያለው የስላይጎ ክሪክ መንገድ ደግሞ ለእኔ ኤል-ሲ-ኤን ነው። ሌላ ሰው በሌላ መንገድ ሊያስበው ይችላል። ስለዚህ የተመዘገበ ደረጃ አይተህ ካልተስማማህ ዝም ብለህ አትቀይር፤ መጀመሪያ ያስገባውን ሰው ጠይቅ። በየሳምንቱ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ሲያወርድ ካርታውን የሚጠቀመው ሕዝብ ነው የሚጎዳው።

ሆላንድ ወይም ቤልጂየም ያሉ ጓደኞችህ ስለ አር-ሲ-ኤን ሌላ ነገር ቢያወሩህ አትደናገር። እዚያ መስቀለኛ መንገዶቹ ቁጥር አላቸው። ነጂው ከ23 ወደ 45፣ ከ45 ወደ 12 እያለ የራሱን ጉዞ ይገጣጥማል። አሠራሩ በ1995 የቤልጂየም ሊምበርግ ውስጥ ነው የተጀመረው፤ ሐሳቡን ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ነው። ቁጥሩ ኖዱ ላይ ይጻፋል፤ በሁለት ቁጥሮች መካከል ያለችው እያንዳንዷ ቁራጭ የራሷ ትንሽ ሪሌሽን ትሆናለች። ግሩም ሥርዓት ነው። ሜሪላንድ ላይ ግን እንዲህ ያለ የሰሌዳ ሥርዓት ስለሌለ አሠራሩን አምጥተህ አትጫንበት።

ሪሌሽን ለምን እንደሚያስፈልግ በደንብ የሚያሳየው ሲ ኤንድ ኦ ካናል ነው። በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው መንገድ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል፣ በኪሎ ሜትር 297 ያህል ነው። በአስተዳዳሪው በብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በኩል ሲታይ አንድ ራሱን የቻለ መስመር ነው፤ የራሱ ሪሌሽን አለው። ያው መንገድ የዩ-ኤስ የብስክሌት መስመር ቁጥር 50 አካል ነው፤ ሌላ ሪሌሽን። ቁጥር 50 ከከምበርላንድ በኋላ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ላይ ይቀጥላል፤ እሱም እስከ ፒትስበርግ 150 ማይል የሚሄድ የራሱ መስመር ነው። የእግር ተጓዦች መስመር ሲጨመርበት አንዲቷ የጠጠር ቁራጭ የሦስትና የአራት ሪሌሽን አባል ልትሆን ትችላለች። መንገዱ ግን አንዴ ብቻ ተስሏል። ጎርፍ አንድ ቦታ ቢበጥሰውና አንድ ሰው «ዝግ» ብሎ ቢመዘግብ አንዴ ነው የሚመዘግበው፤ ለሁሉም መስመር ይደርሳል።

ፓው ፓው የሚባለውን ዋሻ እዚሁ መንገድ ላይ ታገኘዋለህ። ርዝመቱ 3,118 ጫማ ነው፤ 950 ሜትር ማለት ነው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው። ብስክሌተኛ ወርዶ እየገፋ ነው የሚያልፈው። ይህ እንዴት ይመዘገባል? መንገዱን ዋሻው አፍ ላይ ትቆርጠዋለህ፤ በወዲያኛውም አፍ እንዲሁ። መካከል ላይ የቀረችው ቁራጭ ላይ «ተነል=የስ»፣ «ሊት=ኖ»፣ «ባይስክል=ዲስማውንት» ትጽፋለህ። ከሪሌሽኑ ግን አታወጣትም። መስመሩ ሳይበጠስ ያልፋል፤ «እዚህ ጋ ውረድ» የሚለው መልእክትም በቦታው ይቀመጣል። ምሽት ላይ ከልጆቹ ጋር እዚያ የሚደርስ አባት መብራት ይዞ እንዲመጣ የምትነግረው ያቺ ትንሽ ቁራጭ ናት። ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው።

ምን ይገባል፣ ምን አይገባም የሚለው ቀጣዩ ነው። መለኪያው መሬት ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። መንገድ ዳር ቆሞ የመስመሩን ስም ወይም ቁጥር የሚናገር ምልክት ካለ መስመሩ አለ። ሰሌዳ ባይኖር እንኳ ባለሥልጣኑ በይፋ አጽድቆ ያወጣው መስመር፣ ለምሳሌ ቁጥር 50፣ ይገባል። የእናንተ የቅዳሜ ዙር ግን አይገባም። ጥሩ ዙር መሆኑን አልጠራጠርም፤ ለማያውቃችሁ ሰው ግን መንገዱ ላይ ምንም የሚያረጋግጥለት ነገር የለም። ለእሱ ዩማፕ የሚባለውን ተጠቀም። ይህንኑ ካርታ ከሥር አንጥፎ የራስህን መስመር በላዩ እንድትስልና ሊንኩን ለጓደኞችህ እንድትልክ ያደርግሃል፤ የጋራውን መዝገብ አይነካም።

አንተ በእውነት ልትጠቅም የምትችለው ደጃፍህ ላይ ባለው ነገር ነው። ካፒታል ክሬሰንት ከጆርጅታውን እስከ ቤቴስዳ 7 ማይል ያህል አስፋልት ነው። ከቤቴስዳ ወደ አንተ ሰፈር የሚመጣው ክፍል ጊዜያዊ የጠጠር መንገድ ነበረ። በ2017 ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ ተዘጋ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ቢሮው ተቀምጦ ከሳተላይት ፎቶ የሚሠራ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ፎቶው ከወራት ወይም ከዓመታት በፊት የተነሳ ነው። አንተ ግን በብስክሌትህ ሄደህ ታየዋለህ። አጥሩ አሁንም አለ? የትኛው ቁራጭ ተከፍቷል? እየተሠራ ያለው ክፍል «ሃይዌይ=ኮንስትራክሽን» እና «ኮንስትራክሽን=ሳይክልዌይ» ነው የሚባለው። አጥሩ የተነሳለት ቁራጭ በዚያው ቀን ወደ «ሃይዌይ=ሳይክልዌይ» ይለወጣል። ገና ያልተሠራውን የመስመሩን ክፍል በነባሩ ሪሌሽን ውስጥ አትቀላቅለው። «ስቴት=ፕሮፖዝድ» የሚል ሌላ ሪሌሽን ያስፈልገዋል፤ የብስክሌት ካርታዎች በተቆራረጠ መስመር ያሳዩታል። በጎዳና ላይ የሚያዞር ተለዋጭ መንገድ ሰሌዳ ተተክሎለት ካየህ እሱም ለብቻው «ስቴት=ቴምፖራሪ» ተብሎ ይመዝገብ። ዋናው ሲከፈት በአንድ ጊዜ ይነሳል።

ከጆርጅታውን ስትነሳ ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። ካፒታል ክሬሰንትና የካናሉ ዳር መንገድ ለረጅም ርቀት ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። ዛፍ ይበዛል። ስልክህ የቀረጸው ጂፒኤስ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው ላይ ሲዘል ታየዋለህ። ያንን ቅጂ አምነህ መንገዱን አታንቀሳቅስ። ኤዲተሩ ውስጥ ከሚገኙት የአየር ፎቶዎች መካከል ቅጠል በረገፈበት ወቅት የተነሳውን ፈልግ፤ መንገዱ ከዛፉ ሥር ጥርት ብሎ ይታያል። ጎን ለጎን ያሉ መንገዶች ሌላም ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ፎልስ ቸርች ውስጥ ደብሊው ኤንድ ኦዲ ላይ የእግረኛውና የብስክሌቱ መንገድ ተለያይቶ ተሠርቷል። የብስክሌት ሪሌሽኑ የሚወስደው የብስክሌቱን ብቻ ነው። ሁለቱንም ካስገባህ መስመሩ እዚያ ጋ ይሰነጠቃል።

ስለ እጅ ሥራው ጥቂት ልበልህ። መንገድ ጠማማ ሆኖ ካየኸው ነጥቦቹን አንቀሳቅስ እንጂ አጥፍተህ እንደገና አትሳል። ስታጠፋው ከነበረባቸው ሪሌሽኖች ሁሉ አብሮ ይወጣል፤ አዲሱን ስትስል ማንም መልሶ አያስገባውም። ያማሩ መስመሮች በአብዛኛው የሚበጠሱት በዚህ ምክንያት ነው። መቁረጥ ግን ችግር የለውም፤ ስትቆርጠው ሁለቱም ቁራጮች አባልነታቸውን ይዘው ይቀጥላሉ።

መስመሩ ሲሄድ በአንድ ጎዳና፣ ሲመለስ በሌላ ከሆነ ሮል የሚባለው፣ በሪሌሽኑ ውስጥ የእያንዳንዱ ቁራጭ ሚና የሚጻፍበት ቦታ፣ ያስፈልጋል። ሁለቱ ቃላት «ፎርዋርድ» እና «ባክዋርድ» ናቸው። እዚህ ብዙ ሰው ይስታል። ፎርዋርድ ማለት «ስሄድ» ማለት አይደለም። ዌዩ ሲሳል ከመጀመሪያው ነጥብ ወደ መጨረሻው የያዘው አቅጣጫ አለ። መስመሩ በዚያው አቅጣጫ ብቻ የሚነዳበት ከሆነ ፎርዋርድ ነው፤ በተቃራኒው ብቻ ከሆነ ባክዋርድ። በሁለቱም አቅጣጫ የሚነዳበት ቁራጭ ላይ ሮሉ ባዶ ይሁን። አብዛኛው መንገድህ እንደዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። አባላቱ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በሰልፍ መደርደር አለባቸው። መስመሩ ረጅም ከሆነ አይዲ ያደክምሃል፤ ጆስም የሚባለውን የኮምፒውተር ኤዲተር አውርድ። ሪሌሽኑን ስትከፍት ከአባላቱ ዝርዝር ጎን ተያይዞ የሚወርድ መስመር ያሳይሃል። መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ ክፍተት ነው። የማስተካከያ ቁልፉ ራሱ ያሰልፍልሃል፤ ክፍተቱን ግን አንተ ነህ ሄደህ የምትሞላው። ከላክኸው በኋላ ዌይማርክድ ትሬይልስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ግባና መስመርህን ክፈት። የዳገትና የቁልቁለቱ ሥዕል ትርጉም ያለው ሆኖ ከወጣ ተያይዟል ማለት ነው። ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ ወይ ሰልፉ ተዛብቷል ወይ የጎደለ ቁራጭ አለ።

ከየት እንደምትቀዳ ተጠንቀቅ። ጉግል ማፕን አይተህ መገልበጥ ፈጽሞ አይፈቀድም። የአንድ ማኅበር ብሮሹር ላይ የታተመ ካርታም ባለቤት አለው፤ ፈቃድ ካልሰጡህ አትንካው። የፌዴራል መንግሥቱ የራሱ ሥራዎች በጥቅሉ ለሁሉም ክፍት ናቸው፤ የስቴትና የካውንቲ መረጃ ግን እንደየፈቃዱ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው በዓይንህ ያየኸው ሰሌዳ ነው። እሱን አንተ አየህ፣ አንተ መዘገብክ፤ ማንም አይጠይቅህም።

ምናልባት የመንገዶቹን ስም በአማርኛ ልጻፍ ትል ይሆናል። «ኔም፡ኤ-ኤም» የሚል ታግ አለ። ሰዉ በአማርኛ የሚጠራበት የታወቀ ስም ካለ ጻፈው፤ ለከተሞችና ለትልልቅ ቦታዎች ይጠቅማል። የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን ለመገልበጥ ብቻ ከሆነ ተወው።

ባሕር ዳር ያልከው ደስ ብሎኛል። ብስክሌት ከተማዋ ውስጥ የኖረ ነገር ነው፤ ሐዋሳም እንደዚያው። የአገራችን ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂም ከ2020 እስከ 2029 በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ሆኖ ወጥቷል፤ አዲስ አበባ ውስጥም የብስክሌት መስመሮች እየተሠሩ ነው። እዚያ ግን ሪሌሽን ለመፍጠር አትቸኩል። ስምና ሰሌዳ ያለው መስመር እስኪኖር ድረስ ሥራው ዌዩ ላይ ነው። የቱ ጎዳና አስፋልት ነው፣ የቱ ኮብልስቶን፣ የቱ አፈር? «ሰርፌስ» የሚለው ታግ ለብስክሌተኛ ትልቅ ነገር ነው። የተከለለ የብስክሌት መንገድ በየትኛው ጎን አለ? ጎማ የሚጠግኑት ልጆች የት ናቸው? ሰሌዳው የተተከለ ቀን መስመሩን መሰብሰብ የአንድ ከሰዓት ሥራ ይሆናል፤ መንገዶቹ በደንብ ከተመዘገቡ ማለት ነው።

ለዚህ ቅዳሜ አንድ ሥራ ልስጥህ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቤቴስዳ በኩል ስትነዱ ያለውን እያንዳንዱን ሰሌዳና አጥር ፎቶ አንሳ፤ ስልክህ ቦታውን አብሮ እንዲመዘግብ አድርግ። ቤት ስትገባ በመጀመሪያ ዌዮቹን አስተካክል፤ ሪሌሽኑን ከዚያ በኋላ ክፈተው። ቼንጅሴቱን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የምትልከውን የለውጥ ጥቅል፣ ስትልክ አስተያየቱ ላይ ምን እንደቀየርክና በየትኛው ቀን በአካል እንዳየኸው ጻፍ። መስመርህን ላጠፋው ሰውም በቼንጅሴቱ ሥር መልስ ስጠው፤ አካባቢውን በሚገባ የሚያውቅ ይመስላል፣ ሳይረዳህ አይቀርም። ሪሌሽኑ አልሰለፍ ካለህ ቁጥሩን ጻፍልኝ፣ ከፍቼ አየዋለሁ።